ለሐዋሳ የማያስፈልግ ማሞቂያ

የባለቤቴ አባት ከደጋው፣ ከሀገረ ሰላም፣ ወደ ሐዋሳ ሐኪም ቤት አልወርድም ካሉ ከርመዋል። ደረታቸው ያፏጫል፣ ሳሉ እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ የእምቢታቸው ሰበብ ግን የእኛ አሮጌ መኪና ነበረች። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ስናመጣቸው ማሞቂያዋ አልሠራ ብሎ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ታፈነ። ባለቤቴ መንገዱ እንዲታየው መስኮት ከፍቶ ሲነዳ፣ እሳቸው ጋቢ ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ ወረዱ።

"ከእንግዲህ በዚህች መኪና የምሄደው ስሞት ነው። ይህን ለመምህሯ ንገራት" አሉት። መምህሯ እኔ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ባለቤቴ "ሲብስባቸው ራሳቸው ይመጣሉ" ብሎ ተወው። እኔ መተው አይሆንልኝም። ፈርቼም ነበር፤ የገዛ አባቴን ያጣሁት ዛሬ ነገ ሲሉ ነው።

መንግሥት ተለውጦ ሐዋሳ የክልል መዲና የሆነች ሰሞን ነው። መኪናዋን መሃል ከተማ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሳቀብኝ።

"ቲቸር፣ የሐዋሳ ፀሐይ አነሰችሽ?"

"ፀሐይዋን ሀገረ ሰላም አድርስልኝና ማሞቂያው ይቅርብኝ" አልኩት።

ዳሽቦርዱ ላይ ወደ ቀይና ወደ ሰማያዊ የሚገፋው የሙቀት መቆጣጠሪያ ተሰብሮ ነበር። ያገለገለ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። መካኒኩ ዳሽቦርዱን ፈታ፣ አሮጌውን አወጣ፣ የመጣውን ከነቀጫጭን ሽቦዎቹ እያጉረመረመ ገጠመ። ሞተሩ ተነሳ። መቆጣጠሪያውን እስከ ቀዩ ጥግ ገፋሁት። የወጣው ቀዝቃዛ አየር ነው።

"ጉድ ፈላ!" አልኩ።

የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አጎነበሰ። የሞተሩን ሙቅ ውሃ ለማሞቂያው የሚያደርሱት ቱቦዎች ከቦታቸው ተነቅለው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ከእኛ በፊት መኪናዋን የያዘ መካኒክ፣ በሐዋሳ ማሞቂያ ለማን ይጠቅማል ብሎ የዘጋው ነው።

"እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው" አለ፣ እያፈረም እየሳቀም። ቱቦዎቹን መለሳቸው። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ሙቅ አየር ፊቴን ሲለበልበኝ ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ። መካኒኩ አበደች ሳይል አይቀርም።

ቅዳሜ ወደ ደጋው ወጣን። ጉሙ ቤቱን ውጦት ነበር። አማቴ በራፋቸው ላይ ቆመው መኪናዋን ገላመጧት።

"አባባ፣ እስቲ እጅዎን እዚህ ያድርጉት" አልኳቸው።

እጃቸውን አየሩ በሚወጣበት ላይ ዘርግተው ቆዩ። ከዚያ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። መስታወቱ ጠርቶ፣ መስኮቶቹ ተዘግተው ወረድን። እሳቸውም መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሐዋሳ መዳረሻ፣ ቱላ ስንደርስ ነቁ። ሙቀቱ አይቻልም፤ ሦስታችንም ላብ በላብ ሆነናል። ባለቤቴ ማሞቂያውን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ አማቴ ያዙት።

"ተወው" አሉት። "ልጄ ናት ያሠራችልኝ።"

እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ እየተቀቀልን ሄድን።