አሥራ አራተኛው ፉርጎ

አባቷን የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉት ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት የፉርጎ መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። የጭነት ባቡር ሲቆም እጀታው የረዘመ መዶሻውን ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ እያንዳንዱን መንኮራኩር ኳ ያደርጋል፤ ጤነኛው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ልዩነቱን ከእሱ ቀድሞ የሚሰማ አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ መዶሻውን አስረክቦ ጆሮውን ይዞ ወደ ቤት ገባ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የጎረቤት መኪና፣ የልጁ ሳል፣ አንዱም አያመልጠውም።

ልጁ ፎቶ ቤት አላት። ሳምንቱን ሙሉ «ቀና ይበሉ፣ ትከሻ ዝቅ፣ እንዳይስቁ» እያለች የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። እሑድ ከሰዓት ግን ካሜራዋን አንግታ ከአባቷ ጋር ከከተማው ጫፍ ወዳለው ሐዲድ ትወርዳለች። ባቡር ማየቱ የእሱ ሱስ ነው። የእሷ ካሜራ የተጨመረበት እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ሁለቱ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያወሩት ሲያጡ ነው።

ያ እሑድም እንደ ሌሎቹ ጀመረ። ከሐዲድ ሥር ወጥቶ የተጣለ አሮጌ የሲሚንቶ ማገር ላይ ጨርቅ አንጥፈው ተቀመጡ። አባቷ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳ።

«ዛሬ ደግሞ የባቡሩን ፊት ብቻ አንስተሽ እንዳትመለሺ።»

«ታዲያ ምኑን ላንሳ አባዬ? ጀርባውን?»

«እግሩን። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ስታነሺ ትከርሚያለሽ፣ አይሰለችሽም? ፊቱንማ ቀለም ይቀቡታል። በሽታው ያለው እግሩ ላይ ነው።»

«ለእግር መታወቂያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስታገኝ ንገረኝ።»

ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ገደማ ሐዲዱ ማንሾካሾክ ጀመረ። አባቷ ብድግ ብሎ የጃኬቱን ቁልፎች ቆለፈ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ። የሥራው ደንብ እንዲህ ነበር፦ ሐዲድ ዳር ያለ ሠራተኛ ባቡር ሲያልፍ ቆሞ እያንዳንዱን መንኮራኩር ያያል፣ የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ «ሰላም ነው» ለማለት ክንዱን ከፍ ያደርጋል። ጡረታው ከዚህ አላሰናበተውም።

«እኔ ስመጣ እንኳ እንዲህ ብድግ አትልልኝም» አለችው።

«አንቺ አርባ ፉርጎ አትጎትቺማ!»

ስንዴ የጫነ ባቡር ነበር። እንዳላት በጉልበቷ ተንበርክካ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ እግር እግሩን አነሳችው። አቧራው ፊቷን መታው። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ ክንዱ አልተነሳም።

«አሥራ አራተኛዋ» አለ። «በእኛ በኩል፣ የኋለኛው እግር። የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ እየተቃጠለ ነው። ሰማሽው አይደል? ግራሶው ራሱ ይሸታል እኮ!»

እሷ የሰማችው ብረት ሲንጋጋ ነው፤ የሸተታት አቧራ ብቻ ነው።

«ደውዪላቸው! ቁልቁለቱ ሳይደርስ ያቁሙት!»

ከሁለት ወር በፊትም እንዲሁ ለጣቢያው አስደውሏት ነበር። ባቡሩ አርባ ደቂቃ ቆሞ ተፈተሸ፣ ምንም አልተገኘም። ስልኩን ያነሳው ሰው፣ «እህቴ፣ አባትሽን እናከብራቸዋለን፤ ግን እባክሽ ያዢልን» ብሏት በሐፍረት ተሸማቅቃለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ምድጃ ሳያጠፋ ወጥቷል፣ አንድ ቀን ደግሞ በእናቷ ስም ጠርቷታል። እሱ መንኮራኩር ይመረምር እንደነበረው እሷም የእሱን አእምሮ መመርመር ከጀመረች ሰንብታለች።

ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ግን አልነካችውም። ዐይኗን በጨው ታጥባ፣ ጭጭ ላለው ስልክ፣ «ሄሎ፣ የጣቢያ መቆጣጠሪያ ነው?» አለች። ፉርጎውን፣ መንኮራኩሩን፣ ሰዓቱን አንድ በአንድ ተናገረች። መሃል ላይ እንደሚያዳምጥ ሰው ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

«ምን አሉ?»

«ጋሼ ጆሮን አመስግኚልን አሉ።»

ፊቱ በራ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲበራ አላየችውም። «አየሽ፣ ገና ነኝ» አለና ሻይ ቀዳላት። እሷም የሰጠችው ስጦታ መሰላት፣ ሻይዋን ጠጣች።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሹፌር ወሬውን ይዞት ገባ። የስንዴው ባቡር ቁልቁለቱ ላይ የመንኮራኩሩ አክስ ተሰብሮ ስድስት ፉርጎ ተገልብጧል።

«ሰው ሞተ?»

«ኧረ የለም፣ ተመስገን። ስንዴው ነው የፈሰሰው። ምነው፣ ቀለምሽ ተለወጠ?»

ሹፌሩን አስቀምጣ የትናንቱን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። አሥራ አራተኛውን ቆጥራ አገኘች፣ አጎላችው። ከኋለኛው መንኮራኩር ክር የመሰለ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

ገና ከወንበሯ ሳትነሳ አባቷ ደረሰ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ ደሙ ፈልቷል። «ነግረናቸው! ነግረናቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ! ተነሺ፣ እንሂድ!»

ታክሲ ውስጥ ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፣ ሦስቱንም ጊዜ ዘጋችው።

የጣቢያው ኃላፊ መዶሻ አያያዝ ከአባቷ የተማረ ሰው ነው። ሲያያቸው ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ የስልክ ጥሪ መዝገቡን ገልጦ ወደ አባቷ አዞረው።

«ጋሼ፣ ትናንት ከሰዓት የደወለ የለም። ዐይኔን ግንባር ያርገው! የእርስዎን ስም ብሰማማ ባቡሩን በጥርሴ አቆመው ነበር።»

አባቷ ጎንበስ ብሎ መስመር በመስመር በጣቱ ወረደ፣ እንደገና ከላይ ጀምሮ ወረደ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ደውለሽ ነበር አይደል?»

ኃላፊው እያያት ነው። ዝም አለች። አባቷ ዝምታዋን በራሱ መንገድ ተረጎመው፤ ልጄ ልታሳፍረኝ አልፈለገችም ብሎ።

«ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አለው ኃላፊውን። «ያሰብኩትን ያደረግኩት እየመሰለኝ ነው። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኛስ መቼ ሳንረሳ እንውላለን?»

ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዷን ይዞ ደረጃውን ወረደ።

ሐዲድ ዳር ዳግም አልሄደም። የባቡር ጥሩምባ ሲሰማ ሬዲዮ ይከፍታል። ቧንቧው ቢያንጠባጥብ ዝም ይላል፣ ብትጠይቀው «የምር ነው እንዴ? እኔማ የመሰለኝ መስሎኝ» ይላታል። ምድጃውን አጥፍቶ ሲያበቃ «እስቲ እይልኝ» ይላል። እሷ ግን ዛሬ ደክሞታል፣ ነገ ይሻላል እያለች ወራቱን ገፋቻቸው። እውነቱን ብትነግረው ጆሮውንም ልቡንም መልሳ ትሰጠዋለች፤ ግን ከዚያ ጋር፣ ያን ቀን በቁሙ እንዳበቃለት ቆጥራው እንደነበር ያውቃል። ይህን ፈራች። ዓመት ሊሞላ ሲል እውነተኛው የመርሳት በሽታ መጣ። ሐኪሙ አይቀርም ነበር አላት። ሐኪሙ ግን ስለዚያ እሑድ የሚያውቀው ነገር የለም።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት ፎቶውን በትልቁ አትማ አጠገቡ ተቀመጠች። ጭጭ ያለውን ስልክ፣ የውሸት ምስጋናውን፣ መዝገቡን፣ ሁሉንም ነገረችው። የሰው ታሪክ እንደሚያወሩለት አዳመጣት፤ «አይ ልጅት! ምን ነካት?» አለ። ከዚያ ፎቶውን ከእጇ ወስዶ ወደ ዐይኑ አስጠጋው። ጣቱ በመንኮራኩሮቹ ላይ ቀስ እያለ ተጓዘ። ቆመ።

ብድግ ብሎ የጃኬቱን ቁልፎች ቆለፈ።

«ይቺ ኩሽኔታዋ እየተቃጠለ ነው! ምን ትጠብቂያለሽ? ደውዪላቸው!»

ስልኳን አወጣች። በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩን ነካችው።

«የጣቢያ መቆጣጠሪያ» አለ አንድ የወጣት ድምፅ።

«አሥራ አራተኛው ፉርጎ» አለች። «የኋለኛው መንኮራኩር፣ ኩሽኔታው እየተቃጠለ ነው። አባቴ ነው ያየው።»

«የትኛው ባቡር ነው እህቴ?»

«ያለፈው ዓመት።»

«አልገባኝም፣ ምን ልርዳሽ?»

«አባቴ አይቶት ነበር ብለህ መዝገብ ላይ ጻፍልኝ።»

ወጣቱ ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«አቆሙት?» አለ አባቷ።

«አላቆሙትም አባዬ። ዘግይቼ ደወልኩ።»

ትንሽ አያት፣ ከዚያ ዐይኑን ወደ ፎቶው መለሰ። ክንዱን ወደ ጎኑ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ መጠበቅ ጀመረ። ፎቶው ላይ የመጨረሻው ፉርጎ የለም። እሷም ተነሥታ አጠገቡ ቆመች።