ባለ እሾሁን አበባ ካዛንቺስ አገኘሁት

ባዮሎጂ ሳስተምር ስለ ዕፅዋት ቤተሰቦች ሰሌዳ ሙሉ እጽፍ ነበር፤ አንዱንም ግን ራሴ ፈልጌ በእጄ ይዤ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ ይሄ ቆጨኝ። ሃኒሰክል የሚባለው ሐረግ የሚመደብበትን ቤተሰብ መርጬ፣ በከተማችን የሚገኙትን ዱር በቀል ዘመዶቹን መመዝገብ ጀመርኩ። አጭሩን፣ ሐምራዊ አበባ ያለውን፣ እንጦጦ ዳገት ላይ አገኘሁት። የቀረኝ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ግንዱ እሾሃም፣ ነጭ አበባው እንደ ኳስ የተድቦለቦለው ነበር። እሱን ተወልጄ ባደግኩበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ማግኘት አማረኝ።

የደረቁ ዕፅዋት ናሙና በሚቀመጥበት ክፍል የምትሠራ የድሮ ተማሪዬ ሳቀችብኝ። «ቲቸር፣ ማለቴ... ቂርቆስ እኮ በቃ ኮንክሪት ነው። ከዚያ የመጣ አንድም ናሙና የለንም። ባይደክሙ ይሻላል።»

ሁለት ክረምት ሙሉ ደከምኩ። ድልድይ ሥር አጎንብሼ ሳይ የሰፈር ሰው «ምን ጠፋብዎት?» ይለኛል። ምን ብዬ ላስረዳ?

አንድ የጥቅምት ጠዋት ካዛንቺስ፣ ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለጉልበቴ ወረፋ እየጠበቅኩ በመስኮት ወደ ታች አየሁ። ቤቶች ፈርሰው በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። በዳሩ በሚያልፈው ወንዝ አፋፍ ላይ ነጫጭ ኳሶች በነፋስ ይወዛወዛሉ። ነርሷ ስሜን ስትጠራ እኔ ደረጃውን እየወረድኩ ነበር።

የቆርቆሮው አጥር በር ላይ ሽማግሌ ዘበኛ አስቆሙኝ። «እመቤት፣ መግባት ክልክል ነው።»

«አባቴ፣ አንድ አበባ ብቻ ነው የምቆርጠው።»

«አበባ ከሆነ ስታዲየም ጋ ይሸጣል።»

ወደ አፋፉ ጠቆምኳቸው። ዞረው አዩና ሳቃቸው መጣ። «ያንን? ትናንት ሸሚዜን የቀደደውን? ነገ እኮ ሎደር ሊጠርገው ነው!»

ነገ! ሁለት ዓመት እንደፈለግኩት ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ። የራሳቸውን ሄልሜት አውልቀው ራሴ ላይ ደፉልኝና፣ ክንዴን ይዘው በፍርስራሹ መሃል አወረዱኝ።

እሾሁ መዳፌን አደማው፤ ያኔ አልተሰማኝም። ቁመቱን ለካሁ፣ የአፈሩን እርጥበትና የአበባውን ቀለም ጻፍኩ፣ ቅርንጫፎቹን ጋዜጣ መሃል አስተኛሁ። ዘበኛው ደግሞ የደረቁትን የአበባ ራሶች ወረቀት ላይ እያራገፉ ዘር ሰበሰቡልኝ። «ዘሩማ አይጥፋ» አሉ።

ናሙናው ደርቆ ሲያልቅ ይዤው ሄድኩ። ተማሪዬ በማጉያ መነጽር ቅጠሉን አየች፣ አበባውን አየች፣ እንደገና ቅጠሉን አየች።

«ቲቸር፣» አለች ቀና ብላ፣ «እሱ ራሱ ነው። አሸነፉኝ።»

በዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እልልታዬን ለቀቅኩት። ከየቢሮው ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ። እሷም እየሳቀች ብዕር አንስታ ናሙናው ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ጻፈች፤ የተገኘበት ቦታ፣ ካዛንቺስ፣ ወንዝ ዳር። ከሥሩም ሙሉ ስሜን።