የማደያዋ ሴት

ባጃጅ ነጂው ፈይሰል ጋምቤላ ማደያ ውስጥ ነዳጅ የምትቀዳለትን ረጅም ሴት ስሟን ጠይቋት አያውቅም። የሚያውቀው ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ እንዳለና ጭስ ባየች ቁጥር ፊቷ እንደሚለዋወጥ ነው። ባለፈው ወር ለሠራተኞቹ የእሳት አደጋ ሥልጠና ሲሰጥ፣ አሠልጣኙ በርሜል ውስጥ እሳት ገና ሲለኩስ አጥር ዘላ መሸሿን ባልደረቦቿ እየሳቁ አውርተውለታል። በማግስቱ ግን ተመልሳ መጣች፤ ከእሳቱ ፊት ሳትሸሽ እስክትቆም ድረስም የእሳት ማጥፊያውን እየደጋገመች ተለማመደች።

ዛሬ ከፈይሰል ፊት የተሰለፈው ባጃጅ ሞተሩ በድንገት ተቀጣጠለ። ሰዉ እግሬ አውጪኝ አለ። አንዱ ጀሪካን ውሃ ይዞ ሲጠጋ፣

«ውሃ ተው! ወደ ኋላ ሂድ!» ብላ ረጅሟ ሴት ጮኸችበት።

ቀዩን ማጥፊያ አንስታ ፒኑን ነቀለችና ዱቄቱን ነበልባሉ ሥር ረጨችው። እሳቱ እፍ እንደተባለ ሻማ ጠፋ። እሷ ነጭ ዱቄት ለብሳ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እህቴ፣ አልፈራሽም?» አላት ፈይሰል እየሮጠ ተመልሶ።

«በጣም ፈራሁ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች። «ግን እግሬ ተምሯል። እምቢ አለ፣ አልሮጠም።»

ሌላም ልትጨምር ነበር፤ መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች እልልታ አላስጨረሳትም።