ለአንዲት ሲጋራ የሰጠሁት ቃል

የያዙኝ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሱቄ በራፍ ላይ፣ ሲጋራ በእጄ እንደያዝኩ ነው። ሁለት ሆነው መጡ፤ ሲቪል ለብሰዋል። «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ «ይቺን ልጨርሳት» አልኩ። አንደኛው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «እዚያ ትጨርሳታለህ» አለኝ። መሬት ላይ ጥዬ በጫማዬ ረገጥኳት። ግማሽ እንኳ አልደረሰችም ነበር። ልጆቼን ከማሰቤ በፊት ያሰብኩት እሷን ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ፤ ምን ልደብቅ?

ሱቄ አንዋር መስጊድ አጠገብ ነው፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጣለሁ። ከመያዜ ሳምንት በፊት የሰፈሩ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ነበር፤ በአንድ ጠዋት መስመሩ ሙሉ ጭር አለ። መንግሥት አድማ ነው አለ። ማን ጀመረው? ወላሂ እስከ ዛሬ አላውቅም። መርካቶ አንዱ ሲዘጋ ሌላው «ምን ሰምቶ ነው?» ብሎ ይዘጋል። እኔም የዘጋሁት እንደዚያ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ «ኧረ ምንድነው ነገሩ?» እያለ ከሁላችንም መጨረሻ ዘጋ።

ይህ ጎረቤቴ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፣ አስራ ስድስት ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረናል። ጁምዓ ስሄድ ሱቄን የሚያይልኝ እሱ ነው፤ ለሲጋራ ስወጣም እሱ ነው፤ ያ ደግሞ በቀን ሃያ ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን ሚስቱ አልጋ ይዛ ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ የሚያነሳትም፣ የሚያጎርሳትም፣ የሚያጥባትም እሱ ብቻ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል አስራ ዘጠኝ ሰው ይዟል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት፣ ጥግ ላይ የውሃ ጀሪካን፣ ከሁሉም በላይ የላብና የካልሲ ጠረን። ከውጭ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» ሲሉ፣ የታክሲ ረዳቶች «አብነት! አብነት!» ሲሉ ይሰማል። ከሱቄ በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነበር የታሰርኩት። ይህ ከሁሉም የባሰ አበሳጨኝ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ እዚያ ካቦ ይሉታል፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አብነት ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው፣ ራዲያተር ሲበይዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የምተኛበትን ቦታ አሳዩኝና ጣቶቼን አይተው «ታጨሳለህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት?»

«ሁለት ፓኮ።»

«እንግዲያው ራስህን ጠብቅ። እዚህ ቤት ሰውን የሚይዙት በሚወደው ነገር ነው።»

የሽማግሌ ወግ መስሎኝ አልፌው ተኛሁ። በማግስቱ የሲጋራ ጥማቱ ጀመረኝ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሰው ሲያወራ ልደበድበው ያምረኛል። ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ።

መርማሪው ረጋ ያለ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነበር። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሰጠኝ። «ወንድሜ፣ ሥራችን ካንተ ጋር አይደለም» አለኝ። «ሱቅ ዝጉ እያለ ያስተባበረው ጎረቤትህ መሆኑን ደርሰንበታል። የምታውቀውን ተናገርና ወደ ልጆችህ ሂድ።» ከኪሱ ፓኮ አወጣ። «አጭስ እንጂ፤ ሰው አይደለህ?»

አጨስኩ። ገና አንዴ ስስባት እንባዬ መጣ።

«ዝጋ ብሎ የነገረህ ማነው?»

«ማንም።»

«ጎረቤትህ አልነገረህም?»

ሲጋራዋ እያጠረች ነው። ፓኮው እሱ እጅ ላይ ነው። ሁለተኛ እንዲሰጠኝ ፈለግኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። አልተመታሁም፣ አልተሰደብኩም።

«ሳይነግረኝ አይቀርም» አልኩ።

ቀና ብሎ ሳያየኝ ጻፈ። ሁለተኛዋንም ሰጠኝ። «በደንብ ተጽፎ ሲመጣ ትፈርማለህ» ብሎ አሰናበተኝ።

ክፍሉ ስገባ ጋሼ ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። «ጥሩ ሲጋራ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ምን ሰጥተህበት?» አሉኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አስራ ዘጠኝ ወንድ እያየኝ። ስለ ጎረቤቴ ነገርኳቸው፤ ስለ ሚስቱም ነገርኳቸው። እሱ ቢታሰር ያቺ ሴት ውሃ የሚያቀብላት እንኳ እንደማይኖር ሳወራው ነው በደንብ የገባኝ።

«ፈርመሃል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን» አሉ። «ነገር ግን ሲጋራው እያለ ፊርማውን እምቢ ማለት አትችልም። መጀመሪያ የሚወልቀው እሱ ነው።»

«አልችልም ጋሼ። ሃያ ሁለት ዓመት አጭሻለሁ።»

«ረመዳን ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ እንጂ!»

«ታዲያ ከንጋት እስከ መግሪብ ሲጋራ የማይነካው ማነው? ጎረቤትህ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። እውነታቸውን ነው። የእኛ ሰፈር አጫሽ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ይውልና አዛን ሲል ቴምሯ ከጉሮሮው ሳትወርድ ይለኩሳል። ወር ሙሉ አቅም እንዳለን እናሳያለን፤ ዒድ ሲያልፍ አቅማችንን ከበዓሉ ልብስ ጋር አጥፈን ቁም ሳጥን እንከታለን።

«አቅም አላነሰህም» አሉ ጋሼ። «አንተ የምትጾመው መግሪብን እያየህ ነው። አሁን መግሪብ የሌለው ጾም ጹም። ኒያህን አድርግ፤ በልብህ ቁረጥ።» ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ዕድሜያቸውን የኖሩት መርካቶ ነው።

እሳቸውም በወጣትነታቸው፣ በሌላ መንግሥት፣ እስር ቤት ውስጥ ነበር ያቆሙት። «ሁለት ጊዜ አቁሜ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ» አሉኝ፤ «ሁለቱንም ጊዜ 'አንዲት ብቻ' ብዬ ነው። አንዲት ብቻ የምትባል ሲጋራ የለችም።» ከዚያ እንደ ጋራዥ ሠልጣኝ ያዙኝ። መጀመሪያ አስነስተው ለክፍሉ ሁሉ «ዛሬ አቁሜያለሁ» አስባሉኝ፤ ብደብቀው እንደምመለስ ስለሚያውቁ ነው። ጠዋት ሻይ ከለከሉኝ፤ ሻይና ሲጋራ አብረው ነው የሚመጡብህ ብለው ውሃ አስጠጡኝ። አንድ እስረኛ ቤተሰቦቹ ከምግቡ ጋር ቅርንፉድ ይልኩለት ነበርና ለጥርሱ ከያዘው ሰጠኝ፤ አፌ ሲለምን እሷን አላምጣለሁ። ለእጄ ደግሞ ያረጀ ሹራብ ሰጡኝ፤ ተርትሬ ክሩን እንድጠቀልል።

«አምሮቱ ሲመጣ አትታገለው» ይሉኛል። «እንግዳ ነው፣ ቁጭ በል ካላልከው ይሄዳል። እስኪሄድ ድረስ ክርህን ጠቅልል።»

ይመጣል፣ እጠቀልላለሁ፣ ይሄዳል። ደግሞ ይመጣል። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። በሁለተኛው ቀን በውሃ ተራ ሰበብ አንዱን ምስኪን በክርን መትቼ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳልና አክታ ጨረሰኝ። በሦስተኛው ቀን ጨርቄን ጥዬ ላብድ ነው ብዬ ስጮህ ጋሼ «እበድ፤ ብቻ አታጭስ» አሉና ሌላ ሹራብ አመጡልኝ።

በአራተኛው ቀን ተጠራሁ።

ወረቀቱ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መርማሪው ሲጋራ ለኩሶ መተርኮሻው ላይ በእኔ በኩል አስቀመጠልኝ፤ አጠገቡ እስክሪብቶ። «አንብብና ፈርም። ዛሬ ከልጆችህ ጋር ታመሻለህ።»

አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር «ሱቄን እንድዘጋ የነገረኝ ጎረቤቴ ነው» ይላል፤ ሙሉ ስሙ ተጽፏል። «ሳይነግረኝ አይቀርም» ያልኳት ቃል እንዲህ ሆና ቁጭ ብላለች።

ጭሱ ወደ ፊቴ ይመጣል። ምራቄ አፌን ሞላው። አምሮቴ አልሞተም ነበር፤ እንዲያውም እንደዚያ ቀን አምሮኝ አያውቅም። ቅርንፉዷን በጥርሴ ነከስኳት። «ውሃ ይሰጠኝ» አልኩ። ተገርሞ አስመጣልኝ። በትንሽ በትንሹ ጠጣሁ፤ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ። ሲጋራዋ ማንም ሳይስባት አመዷ ረዝሞ ተሰበረ፤ ቆይታም ጠፋች።

ያኔ እስክሪብቶውን አነሳሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት አጠገቡ ፊርማ ከሌለው እንደማይሠራ አውቃለሁ። ሦስተኛውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት፤ አጠገቡ ፈረምኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ስህተት ነበረው ጌታዬ፤ አርሜዋለሁ። ዝጋ ያለኝ የለም።»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። «እንግዲህ ቤትህን እርሳው» አለ።

«እሺ» አልኩት።

ክፍሉ ስመለስ ጋሼ አሸተቱኝ። «ቅርንፉድ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ቀን ቆየሁ። ስፈታ ጎረቤቴ ሚስቱን ቀብሯል፤ እኔ የደረስኩት ለለቅሶው ማብቂያ ነው። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም። ጋሼ ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸውም አልፈዋል። ሱቄ እየመጡ «እንዴት ቻልክ?» ለሚሉኝ ውሃውን፣ ክሩን፣ ቅርንፉዱን፣ ለሰው መናገሩን ሁሉ እነግራለሁ። ስለ መርማሪው ቢሮ ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም ነበር፤ በተለይም ለጎረቤቴ። እሱ «እስሩስ ጠቀመህ!» እያለ ሲቀልድብኝ አብሬው እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይቆስላል።

ባለፈው ሳምንት አልቻልኩም። አዲስ የገባለትን ድስት ሲደረድር ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «እስር ቤት ስምህን ሰጥቼ ነበር። ለአንዲት ሲጋራ። በኋላ ሰረዝኩት፤ መጀመሪያ ግን ሰጥቼ ነበር።»

ድስቱን መደርደሩን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«አንተ እዚያ እያለህ ለአንድ ቀን ጠርተውኝ ነበር። 'ጎረቤትህ መስክሮብሃል' ብለው ወረቀቱን አሳዩኝ። ስሜን አየሁት። መሰረዙንም አየሁ፤ አጠገቡ ያንተ ፊርማ አለ። 'ይሄ እኮ ተሰርዟል' አልኳቸው። ተያዩና ማታ ሳይሆን ለቀቁኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሲጋራ ላቆመ ሰው ሲጋራ አያነሱበትም።» ክዳን እያነሳ ቆየና «ሚስቴ በማግስቱ ነው ያረፈችው» አለ። «ጭንቅላቷ እጄ ላይ ነበር።»

ከካርቶኑ አንድ ድስት አውጥቼ አቀበልኩት፤ ሌላም አወጣሁ።