እማዬ የመረጠችው ዕቃ

የምትወደው የጃፓን ካርቱን የተወለደው ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየጣሉ ከፈጠሩት ጨዋታ እንደሆነ ነገረችኝና ልጄ ዳይሷን ወረወረች። ድምፁ ጂዳ፣ ባላድ፣ አክስቴ ክፍል ወሰደኝ።

እማዬ ከማዳሟ ቤት የምትመጣው ጁምዓ ብቻ ነበር። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሰሚራ በሉዶ ዳይስ ተረት እንጫወታለን፤ ወደ ተረቱ የሚገባ ሁሉ አንድ ዕቃ ይይዛል። እኔ ሰይፍ ያዝኩ፣ ሰሚራ ጋሻ።

«እማዬ፣ አንቺስ?»

«ቁልፍ።»

«ዘንዶ በቁልፍ ይገደላል እንዴ?»

«ዘንዶውን እናንተ ግደሉት» አለች ፀጉሬን እየዳበሰች። «እኔ ስፈልግ ልውጣበት።»

ሳቅንባት። ማዳሟ በሩን ከውጭ እንደምትቆልፍባት ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትይዣለሽ?» አለችኝ ልጄ።

«ቁልፍ።»

«እዚህ ጨዋታ ውስጥ የተቆለፈ በር የለም እኮ።»

«ግድ የለም፣ ስጪኝ።»