ፋሻው የሚፈታበት ቀን

መሥሪያ ቤቱ «እሳት አደጋ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ደህና ቀን የኮምፒውተር ባለሙያዋን የሚያስታውሳት የለም፤ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ግን ከየቢሮው «እሳት አደጋ የታለች?» ይባላል። ዛሬስ ቢተዋት ምን ነበረበት? ለዓመታት በሞራ የተጋረደው የእናቷ ዓይን ትናንት ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ፋሻው ደግሞ ከምሳ በፊት ይፈታል። «መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ነው» ብለዋታል። «እሺ እማዬ፣ አልቀርም» ብላለች።

ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ አስቆማት።

«ወዴት ነው? ኢንተርኔቱ ሞቷል እኮ! ሠራተኛው ፊልም እያየበት ነው፤ ሁሉንም ዝጊልኝ።»

የሠራተኛው ጥያቄ ሁሉ የሚያልፈው በፕሮክሲው በኩል ነው። ይኼ ሰርቨር አንዴ የመጣን ገጽ አስቀርቶ ለሚቀጥለው ጠያቂ ይሰጣል። ዛሬ ግን የፕሮሰሰሩ ጫና ጣሪያ ነክቷል። አጥፍታ አስነሳችው፤ ረገብ ብሎ መልሶ ወጣ። ፊልም ፈለገች፤ የለም። ዲስኩ ደህና ነው። የሚያልፈው ዳታም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት፤ ሰውየው ደግሞ ከጀርባዋ ቆሞ «ዝጊያቸው አላልኩም?» ይላል። ቆሽቷ አረረ።

በመጨረሻ ሰርቨሩ ያሳለፈውን ትታ የከለከለውን አየች። አንድ ኮምፒውተር ያለ ይለፍ ቃል ይመጣል፤ ፕሮክሲው ይመልሰዋል፤ ማሽኑ ትንፋሽ ሳይወስድ እንደገና ይመጣል። ሰርቨሩን ያደከመው እምቢ ማለት ብቻ ነው። ማሽኑስ የማን ሆኖ ተገኘ? የሥራ አስኪያጁ!

«እርስዎ ኮምፒውተር ላይ በቅርቡ የተጫነ ነገር አለ?»

«የእህቴ ልጅ የጫነልኝ አለ፤ ፍጥነት ይጨምራል ብሎ። ታዲያ እሱ ምን አደረገ?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ቢሮው ገብታ የኮምፒውተሩን የኢንተርኔት ገመድ ነቀለችው። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ተንፈስ አለ። እሷ ግን እየነደደች ሮጠች።

ሆስፒታል ስትደርስ ፋሻው ተፈቷል።

«ልጄ ትድረስ ብያቸው ነበር፤ ወረፋ አለ አሉኝ» አሉ እናቷ። «መጀመሪያ ያየሁት የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። ደግ ፊት አላት።»

ማልቀስ አማራት። ስልኳ ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ኢንተርኔት ተቋርጦበታል። አላነሳችውም። እናቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ አዩዋት፣ አዩዋት።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»