አባባ ሲስቁ ያነሳሁት ፎቶ

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ አጎቴ አዲስ ካሜራ ገዛና አሮጌውን ከነፊልሙ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ቤት መግባት ቀረ። ጣና ዳር እየወረድሁ ደንገል የጫኑ ታንኳዎችን፣ ዓሣ የሚሻሙ ወፎችን፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አነሳ ነበር። ፊልም ውድ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቁልፏን ሳልጫን በካሜራዋ መስኮት ብቻ አይቼ እመለሳለሁ፤ እሱም ያጠግበኝ ነበር።

አባባ የሐይቁ ዳር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ዳዊት መድገም መተዌን ሲያዩ፣ «ይችን ዕቃ ለአጎትሽ መልሽ፤ ትምህርትሽን አስረሳችሽ» አሉኝ። አባባ ሁለቴ አይናገሩም። ፊልሙ ላይ የቀረችኝ አንዲት ፎቶ ነበረች።

በማግስቱ አባባ ሐይቁ ውስጥ ካለ የደሴት ገዳም ሲመለሱ ዳር ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከታንኳው ሊወርዱ ሲሉ አንድ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ከቀዛፊው ጋር ተያይተው በሳቅ ፈነዱ። በሰው ፊት እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ተጫንሁት።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሰይድ ፊልሙን አጥበው ሲያትሙ ለምኜ ጨለማው ክፍል ገባሁ። አቼቶ አቼቶ ይሸታል። በቀዩ መብራት፣ ፈሳሹ ውስጥ ከተነከረው ነጭ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የአባባ ጥቁር ጢም፣ ቀጥሎ ዐይናቸው፣ ከዚያ ሳቃቸው ወጣ።

«አንቺ ነሽ ያነሳሽው?» አሉ ጋሽ ሰይድ። «መሪጌታን ስንት ጊዜ አንስቻቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ስቀውልኝ አያውቁም!» ፎቶውን አሳድገው የሱቃቸው መስኮት ላይ ሰቀሉት።

ወሬው አባባ ዘንድ ደረሰ። እኔን አስከትለው ሄዱና መስኮቱ ፊት ቆሙ። ፎቶውን አተኩረው አዩት። አንድ መንገደኛ፣ «መሪጌታ፣ ማን አነሳዎት?» ሲላቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ ናት! ይችውና!» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ካሜራውን መለስሽ?» አሉኝ።

«አልመለስሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ይቆይ። ዳዊቱም አይቅር።»

ዛሬ ሁሉም በስልኩ ያነሳል፤ ያነሳውንም ወዲያው ይረሳል። እኔ ግን ፎቶ አንሺ ሆኜም ለራሴ ስል ካሜራዬ ውስጥ ፊልም ከትቼ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ልጄ፣ «አሳዪኝ!» ስትል፣ «ገና አልታጠበም» እላታለሁ፤ ትስቅብኛለች። ባለፈው ሳምንት ግን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ «እማዬ፣ አንዴ እኔ ልሞክር» አለችኝ። የካሜራውን ማንገቻ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አልሁ።